የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ፦ ዓይናለምንና የእንግሊዟን ባዝ ከተማ ምን ያገናኛቸዋል?

ዓይናለም አካባቢ ቤት ያሠራ ወይም ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ይሄን ድንጋይ ያውቀዋል፤ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ንብር በንብር የተደረደረ። በሥነ ምድር መጻሕፍት ስሙ "የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ" ነው። ዛሬ ታሪኩን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

🔹 ስሙ ከየት መጣ?
ከመቀሌ በስተደቡብ ካለችው ሕንጣሎ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አጼ ቴዎድሮስን ሊወጋ በዚህ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ፣ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ባለሙያ አብሮ ነበር። ያያቸውን አለቶች መዝግቦ በ1870 መጽሐፍ አሳተመ። ጦሩ ተመለሰ፤ ስሙ ግን እስካሁን አለ።

🔹 እንዴት ተፈጠረ?
የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ አካባቢው ባሕር ነበር። የባሕር እንስሳት ዛጎልና ጭቃ ወለሉ ላይ እየተደራረበ ድንጋይ ሆነ። ለዚህ ነው ድንጋዩ ውስጥ አንዳንዴ ዛጎል የሚገኘው።

🔹 ባዝስ ምን አገናኛት?
የባዝ ከተማ ታዋቂ ሕንፃዎች የተሠሩበት ማር የመሰለ ድንጋይም ኖራ ድንጋይ ነው፤ እሱም የጁራሲክ ዘመን። ባሕሩ ሌላ፣ ዘመኑ ግን አንድ። አጼ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን አገራችንን ሲወር የስደት ዓመታቸውን (ከ1936 እስከ 1940) ያሳለፉት እዚችው ከተማ፣ ፌርፊልድ ሀውስ ውስጥ ነው። ቤቱን በ1958 ለከተማዋ ሰጥተዋል።

🔹 ታዲያ እኛን ምን አገባን?
ውኃው ነዋ! መቀሌ ለዓመታት ስትጠጣ የኖረችው ከዓይናለም ጉድጓዶች ነው። ዝናቡ ወርዶ በኖራ ድንጋዩና አብረውት ባሉት አለቶች ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገረውም ውኃው ከድንጋዩ ኖራ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ስንጥቅ ዝናብን እንደሚያስገባ ሁሉ የሽንት ቤት ፍሳሽንና የጋራዥ ዘይትንም ያስገባል፤ አሸዋ እንደሚያጣራው አያጣራም። ከተማው ወደ ጉድጓዶቹ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ላይ የደፋነውን መልሰን ከቧንቧ የመቅዳት አደጋው ይጨምራል።

ግቢያችሁ ያለው ድንጋይ ላይ ዛጎል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶውን ላኩልን 👇