ቁጠባን የተቃወመው የጋራ አልበም

«ሰለብሬቲንግ ሰብቨርዥን» እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታኒያ የወጣ፣ ሁለት ሲዲ ያለው የጋራ አልበም ነው። ርዕሱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል «ነባሩን ሥርዓት መሸርሸር ይወደስ» እንደማለት ይሆናል። ሥራው የአንድ ድምፃዊ አይደለም፤ «አንቲ ካፒታሊስት ሮድሾው» በሚል መጠሪያ የተሰባሰቡ የፎክ (የሕዝብ ዘፈን) ድምፃውያንና የግጥም ደራሲያን ናቸው ያዘጋጁት።

ስብስቡ የቆመበትን ምክንያት ለመረዳት ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010ሩ ምርጫ አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ባለመኖሩ ወግ አጥባቂዎችና ሊበራል ዴሞክራቶች ጥምር መንግሥት መሠረቱ። መንግሥቱ ከ2008ቱ የባንኮች ቀውስ በኋላ የሰፋውን የበጀት ጉድለት ለመሙላት በሚል ማኅበራዊ ድጎማንና የአካባቢ መስተዳድሮችን በጀት ቀነሰ። በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጣሪያም ከ2012 ጀምሮ በዓመት 9,000 ፓውንድ ሆነ። ሮድሾው የተነሳው ይህን የቁጠባ ፖሊሲ ለመቃወም ነው።

ከተሳታፊዎቹ መካከል ሊዮን ሮስልሰን፣ ሮይ ቤይሊ፣ ፍራንኪ አርምስትሮንግ፣ ሳንድራ ኬር፣ ሮብ ጆንሰን፣ ትውልደ ፍልስጤማዊቷ ሪም ኬላኒ፣ አሜሪካ የተወለደችው ፔጊ ሲገርና ግሬስ ፔትሪ ይገኙበታል። መድረክ ላይ ደግሞ ኢያን ሳቪል የተባለ፣ ሶሻሊዝምን በምትሐት ትርዒት የሚያስረዳ ባለሙያ አብሯቸው ነበር።

ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ቁም ነገር የዕድሜው ስብጥር ነው። ሮስልሰን እ.ኤ.አ. በ1934፣ ፔትሪ በ1987 ተወለዱ። በመካከላቸው ከ50 ዓመት በላይ ልዩነት አለ። ሮስልሰን እ.ኤ.አ. በ1649 የጋራ መሬት ይዘው ስላረሱት «ዲገርስ» የጻፈውን ዘፈን ቢሊ ብራግ በ1985 ተጫውቶት ብዙ አድማጭ አግኝቷል። ቤይሊም በ2000 የተሰጠውን የንግሥቲቱን ኒሻን፣ መንግሥት በሊባኖስና በፍልስጤም ላይ የሚከተለውን ፖሊሲ በመቃወም በ2006 የመለሰ ሰው ነው። ስለዚህ ተቃውሟቸው ለአንድ ሰሞን የተለበሰ ፋሽን ነበር ለማለት አይቻልም።

«ታዲያ ዘፈኑ ምን ለወጠ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አልበሙ የበጀት ቅነሳውን አላስቆመም፤ ጥምር መንግሥቱ እስከ 2015 ዘልቋል፤ ወግ አጥባቂዎቹም በዚያው ዓመት ብቻቸውን አሸንፈዋል። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ቀድሞውኑ ለሚስማማ አድማጭ ነው። ይህን ድክመት መካድ አይገባም።

ሆኖም በእኔ አስተያየት የፖለቲካ ዘፈንን በምርጫ ውጤት ብቻ መመዘን ስህተት ነው። የበጀት ሰነድ ስንት ፓውንድ እንደተቀነሰ ይነግረናል፤ ቅነሳው የነካው ሰው ምን እንደተሰማው ግን አይመዘግብም። ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ2018 አርፏል። ያን ዘመን ለማጥናት የሚፈልግ ሰው ከሰነዶቹ ጎን ይህን አልበም ቢያዳምጥ ይጠቀማል እላለሁ።