የኬንያ ጦር አሮጌ አውሮፕላኖችና ምትካቸው



የአሮጌ አውሮፕላኖች ጉዳይ በኬንያ ዳግም መነጋገሪያ የሆነው ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የመከላከያ ኃይሎች አዛዥ ጄኔራል ፍራንሲስ ኦጎላን የያዘው ሂዩይ ሄሊኮፕተር ኤልጌዮ ማራክዌት ውስጥ ተከሰከሰ፤ ከ12 ተሳፋሪዎች የተረፉት 2 ብቻ ናቸው። ኦጎላ ራሳቸው የተዋጊ ጄት አብራሪ ነበሩ። የሂዩይ የመጀመሪያ በረራ እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር፤ እርግጥ ዕድሜ ብቻውን አውሮፕላን አይጥልም፣ ጥገናና መለዋወጫም ይወስናሉ።

ምትኩ ወጥ አይደለም። ቡፋሎ የተባሉት የጭነት አውሮፕላኖች በጣሊያን ሠራሽ ሲ-27ጄ ስፓርታን ተተኩ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚያገለግሉት ኤፍ-5 ተዋጊዎች ላይ ግን ያገለገሉ ኤፍ-5ዎች ከዮርዳኖስ ተገዝተው ተጨመሩ፤ አሮጌን በአሮጌ መደገፍ መሆኑ ነው።