ሠላሳ አምስት ቁልፍ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል

ታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ገና ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ብላክቤሪ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ለድሮ ስልኮቹ የሚሰጠውን አገልግሎት ዘጋ። በኩባንያው በራሱ ሲስተም የሚሠሩ ስልኮች ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንተርኔትም፣ ጥሪም፣ አጭር መልእክትም ላይሠራላቸው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ዜናውን ያየ አብዛኛው ሰው «ብላክቤሪ እስከ ዛሬ አለ እንዴ?» ብሎ ነው ያለፈው። አይፈረድበትም፤ ኩባንያው ስልክ በራሱ መሥራቱን ከተወ አምስት ዓመት አልፎ ነበር።

ከእነዚያ ስልኮች ጋር ግን አንድ ነገር አብሮ ሄደ፦ ሙሉ ኪቦርድ። ከስክሪኑ ሥር የተደረደሩ፣ ስትጫኗቸው ቀጭ የሚሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ የላቲን ፊደል የታተመባቸው ትንንሽ ቁልፎች። ሥራዬ የስልክ መተግበሪያ መጻፍ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ ነው የምውለው፤ እና አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። እኛ የራሳችን ፊደል እያለን ስልክ ላይ አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመድነው ለምንድን ነው? መልሱ፣ ቢያንስ ግማሹ፣ እነዚያ ቁልፎች ላይ የታተመ ይመስለኛል። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ኦንታሪዮ ውስጥ ዋተርሉ በምትባል ከተማ ነው። ማይክ ላዛሪዲስ ኢስታንቡል ውስጥ ከግሪክ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ካናዳ የገባ ሰው ነው። በ1984 ከጓደኛው ከዳግላስ ፍሬጊን ጋር ሪሰርች ኢን ሞሽን የሚባል ድርጅት ከፈተ። ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ይማር ነበር፤ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ትቶት ወጣ። (ይህን ለእናቶቻችን ማንም እንዳይነግርብን።)

በ1990ዎቹ ፈረንጅ አገር ሥራ የሚበዛበት ሰው ወገቡ ላይ ፔጀር ይሰካ ነበር። የተለመደው ፔጀር መልእክት ይቀበላል እንጂ አይመልስም። ዋተርሉዎች የሚመልስ ፔጀር ለመሥራት ተነሱ። ለመመለስ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ለመጻፍ ደግሞ ኪቦርድ። አሥር ጣት የለመደውን ኪቦርድ መዳፍ ውስጥ እንዴት ታስገቡታላችሁ? የእነሱ መልስ «አሥሩን ተዉት፣ ሁለት አውራ ጣት ይበቃል» የሚል ነው። መሣሪያውን በሁለት እጅ ስትይዙት ሌሎቹ ጣቶች ደግፈው ይይዛሉ፣ አውራ ጣቶቹ ግን ሥራ ፈት ናቸው። ቁልፎቹ ቢያንሱ ደግሞ ጣት ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ ትንሽነቱ ራሱ ይጠቅማል። በ1996 የወጣው የመጀመሪያ ሙከራቸው ወፍራም ነገር ነበር። በ1998 የመጣው 950 ግን መዳፍ ውስጥ ገባ። በ1999 መጀመሪያ ብላክቤሪ የሚል ስም ወጣለት፤ ቁልፎቹ የፍሬዋን እንክብሎች ይመስላሉ ተብሎ።

የፊደሎቹ አቀማመጥ ግን ከዚያ መቶ ዓመት በላይ ይበልጣል። ክሪስቶፈር ሾልስ የሚባል አሜሪካዊ ሚልዋኪ ውስጥ በ1860ዎቹና በ70ዎቹ ለሠራው የጽሕፈት መኪና የተዘጋጀ ነው። መኪናው ሙዚየም ገባ፣ አቀማመጡ ኪስ ውስጥ ገባ። እኛ ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ አንዴ ሰው የለመደውን ነገር ማንም ደፍሮ አይነካውም።

ብላክቤሪ የታወቀው በክፉ ቀን ነው። በ2001 የመስከረሙ ጥቃት ዕለት ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ውስጥ የሞባይል መስመር ሲጨናነቅ፣ በፔጀር ኔትወርክ የሚሠራው ብላክቤሪ መልእክት ማድረሱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ታደለ። ጠበቃው፣ የባንክ ሰው፣ ፖለቲከኛው ሁሉ ያዘው። ከእጃቸው አልለይ ስላለ በአደንዛዥ ዕፅ ስም «ክራክቤሪ» የሚል ቃል ወጣለት፤ በ2006 የዌብስተርስ ኒው ወርልድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

ይህ ሱስ የመጣው ከኢሜይሉ ብቻ አይደለም፤ ከእጅ ነው። የእነዚህ ስልኮች ውበት ጥቃቅን ነገር ላይ ነበር። ክፍት ቦታውን ሁለት ጊዜ ስትጫኑ ነጥብ አስቀምጦ ቀጣዩን ፊደል ትልቅ ያደርገዋል። የኢሜይል አድራሻ ስትጽፉ ያው ክፍት ቦታ መጀመሪያ የ«አት» ምልክቱን፣ ቀጥሎ ነጥቡን ያመጣል። አንድን ፊደል ተጭናችሁ ብትቆዩ ትልቁ ይወጣል። ረጅም መልእክት እያነበባችሁ «ቲ»ን ብትነኩ ጫፍ ላይ፣ «ቢ»ን ብትነኩ ግርጌ ላይ ትደርሳላችሁ። ቦልድ 9000 ላይ በቁልፎቹ ረድፎች መካከል እንደ ጊታር ክር መደገፊያ ያለ ቀጭን ብረት ነበረ። ጥግ ላይ ደግሞ መልእክት ሲገባ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት። አንድ ወር የተጠቀመ ሰው ስክሪኑን ሳያይ ይጽፍ ነበር። ዛሬ መስታወት ላይ ሳናይ ለመጻፍ ብንሞክር ምን እንደሚወጣ ታውቁታላችሁ።

ሌሎቹም ተከተሉ። ኖኪያ እንደ ላፕቶፕ የሚከፈተውን ኮሚዩኒኬተር 9000 ያወጣው በ1996 ነው፤ የኢ ተከታታዮቹ በኋላ መጡ። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ በ2008 የወጣው ጂ1፣ ከጎኑ የሚንሸራተት ኪቦርድ ነበረው። የሚገርመው፣ አንድሮይድ በዚያን ጊዜ ስክሪን ላይ የሚጻፍበት ኪቦርድ ጨርሶ አልነበረውም! ያ የተጨመረው በ2009 በ1.5 እትም ነው።

እኔ ሙሉ ኪቦርድ የነካሁት አጎቴ ከዱባይ ባመጣው ኖኪያ ኢ63 ነው፤ ሃይስኩል ተማሪ ሳለሁ። ቀይ ነበር። ሰፈር ውስጥ ለስልኩ ክብር የሰጠው ግን ኪቦርዱ አይደለም፤ ክፍት ቦታውን ተጭናችሁ ስትቆዩ አናቱ ላይ ያለው መብራት መብራቱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ያ ስልክ የቤቱ ሁሉ ነበር። በቀረው ጊዜ የእኔ ነው፤ ዴስክ ሥር ይዤው፣ ዓይኔን ብላክቦርዱ ላይ ተክዬ እጽፋለሁ። አማርኛ እጽፋለሁ ማለቴ ነው። በላቲን።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቁጥሩን እንየው። የቦልድ ኪቦርድ ሠላሳ አምስት ቁልፍ አለው፤ የሌሎቹም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አረብኛ ሃያ ስምንት ፊደል፣ ሩሲያኛ ሠላሳ ሦስት፤ ከላቲኑ ጎን አትሞ ማስገባት ይቻላል፣ ለገልፍ ገበያ አረብኛ የታተመባቸው ብላክቤሪዎች ይሸጡ ነበር። የእኛ ሠላሳ ሦስት ሲባዛ በሰባት፣ 231። ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የታገሉት ከዚሁ ቁጥር ጋር ነው።

ግን «አይቻልም ነበር» የሚለውን አልቀበልም። ኮምፒውተር ላይ ችግሩ ቀድሞ ተፈትቷል፦ ተነባቢውን ትነካላችሁ፣ አናባቢውን ታስከትላላችሁ። «ኤል» ስትሉ ል፣ «ኤ» ስትጨምሩ ላ። ሃያ ስድስት ቁልፍ ይበቃል። ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክት ይዞ የገባው በ1999 ነው፤ ፍስሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያቆብና ጆ ቤከር ከደከሙበት በኋላ። ልብ በሉ፣ ብላክቤሪ ስሙን ባገኘበት በዚያው ዓመት። ለፊደሉ ኮድ አለው፣ ለጣት ቁልፍ አለ፤ የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ ሶፍትዌር ነው። እሱን ስልኩ ውስጥ የሚያስገባው ደግሞ ስልኩን የሠራው ኩባንያ ነበር፤ ኩባንያው የሚያየው ገበያውን ነው። የአጎቴ ስልክ በደርዘን የሚቆጠሩ ቋንቋዎች ሲኖሩት አማርኛ አልነበረውም።

እኛም ወደ ቴክስት የገባነው ዘግይተን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት በአገሪቱ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። የእኔ ትውልድ ቴክስት ማድረግ የተማረው ከዚያ በኋላ፣ ላቲን በታተመበት ቁልፍ ነው።

አንዳንዴ «ላቲን ርካሽ ስለሆነ ነው» ሲባል እሰማለሁ። እውነት አለው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ምልክት ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ወደ ዩኒኮድ ይዞርና 70 ብቻ ይሆናል። ፊደላችን ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በላቲን ሁለት የሚፈጀው «ላ» በእኛ አንድ ነው። እንቁጠር። «ሰላም እንዴት ነህ» ክፍት ቦታውን ጨምሮ በፊደል 11 ነው፣ በላቲን 15። ዐረፍተ ነገሩን እየደጋገማችሁ ብትልኩ በላቲን አሥር ጊዜ ይገባል፤ አንድ ቦታ እንኳ ይተርፋል። በፊደል አምስት ጊዜ። ስድስተኛውን ስትጨምሩ 71 ይሆንና በአንድ ምልክት ያልፋል፣ የሁለት መልእክት ሂሳብ ትከፍላላችሁ። አበሳጭ ነው፤ ቢሆንም ለላቲኑ ሙሉ ምክንያት አይሆንም። ሂሳብ የማይጠየቅበት ፌስቡክ ላይም በላቲን ነበር የምንጽፈው።

በላቲኑ የከፈልነው ሌላ ዋጋም አለ። ላቲን ቀን ከከ፣ ጠን ከተ፣ ጨን ከቸ አይለይልንም። «መጣሁ» ብላችሁ በላቲን ጻፉት። አሁን «መታሁ» ብላችሁ ጻፉት። ያው ነው! ጓደኛችሁ በሩ ላይ ደርሶ ይሁን ሰው ደብድቦ፣ ከነገሩ አካሄድ ገምታችሁ ነው የምትደርሱበት። እኛ ይህን ግምት በጣም ለምደነዋል፣ ስንገምት እንኳ አይታወቀንም።

ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ወጥቶ የአራት ስልኮችን ፎቶ አሳየ፤ አንዱ ብላክቤሪ፣ አንዱ የኖኪያ ኢ62። ቅሬታው የታችኛው ግማሽ ላይ ነበር። ቁልፎቹ ፕላስቲክ ውስጥ ተተክለዋል፣ ብትፈልጓቸውም ባትፈልጓቸውም እዚያው ናቸው፣ ስልኩ ከተሸጠ በኋላ አዲስ ሐሳብ ቢመጣላችሁ አንድ ቁልፍ መጨመር አትችሉም አለ። ስለ መተግበሪያዎች ነው የሚያወራው፤ ስለ አማርኛ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሆኖም ያን ቪዲዮ በኋላ ሳየው የራሴን ጉዳይ ሰው የሚሟገትልኝ መሰለኝ።

ዋተርሉዎች ቶሎ አላመኑም። በ2008 መላ ስክሪኑ እንደ አንድ ቁልፍ የሚጫን ስቶርም የሚባል ስልክ አወጡ፤ ብዙ የገዛው ሰው መለሰው። ደንበኞቻቸው ግን ወዲያው አልሸሹም፤ በ2012 ወደ 80 ሚሊዮን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው፤ የሚተረክ ብዙ የለውም።

መስታወቱም ቢሆን ለእኛ ወዲያው አልተከፈተም። የመጀመሪያዎቹ ታች ስልኮች ፊደላችን ሲላክላቸው ባዶ ሳጥን ያሳዩ ነበር። ቅርጸ ፊደሉ ቀስ ብሎ ገባ፤ ከዚያ እንደ ሐሁ፣ እንደ አገርኛ ያሉ ኪቦርዶች መጡ። ለን ስትነኩ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ይደረደራል፣ የምትፈልጉትን ታነሳላችሁ። ፕላስቲክ ላይ ሊታተም የማይችል ነገር ነው፤ ቁልፉ ራሱ እየተለዋወጠ። የቁልፉን ቀጭታ አጥተን ይህን አገኘን፤ እኔ ከተጠየቅሁ ልውውጡ አዋጥቶናል። ሆኖም በጣት የተማሩት ነገር ቶሎ አይለቅም። አሁን ቴሌግራም ላይ የእኔን እኩዮች ግሩፕ ብትከፍቱ ግማሹ ጽሑፍ በላቲን ነው፣ አማርኛው ኪቦርድ እዚያው ስልክ ውስጥ ተጭኖ እያለ።

እናቴ ባለ ሙሉ ኪቦርድ ስልክ ይዛ አታውቅም። ከትንሿ ኖኪያ በቀጥታ ወደ ታች ስልክ ነው የተሻገረችው፤ የአማርኛ ኪቦርድ ጭነንላት። በአንድ ጣት፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ንጉሥን በሠ፣ ፀሐይን በፀ ነው የምትጽፈው፤ ግምት የሚባል ነገር አትወድም። ባለፈው እሑድ ምሳ ቀርቦ እህቴ ዘገየች። «የት ደረስሽ?» ብላ ጻፈችላት። እህቴ ታክሲ ውስጥ ሆና፣ እንደ ልማዳችን በላቲን፣ አንዲት ቃል መለሰች። እናቴ ስልኩን ራቅ አድርጋ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ሦስት ፊደል ነካችና ላከች፦

«ማንን?»