«ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜና የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሰዋስው

አውሮፓውያን ለፈጠራ ድርሰት «ፊክሽን» የሚሉት ቃል ምንጩ «ፊንጌሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ነው። ግሡ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩትን፣ ጭቃ አቡክቶ ቅርጽ መስጠትን ያመለክታል፤ ማስመሰልና ሐሰት መፍጠር የሚል ፍችም ተደርቦበታል። የአማርኛው ስያሜ በሌላ መንገድ መጣ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙትን፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ርእሱም ውሎ አድሮ የዘርፉ መጠሪያ ሆነ። ስያሜው ታሪኩ የት እንደተወለደ ይናገራል እንጂ ውሸት ነው አይልም።

የምልክትን ጥናትና ልብ ወለድን አጣምረው ከሠሩት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ኢጣልያዊው ኡምቤርቶ ኤኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው የሥነ ምልክት ድርሳን ለመዋሸት ሊያገለግል የሚችል ነገር ሁሉ ምልክት መሆኑን አስረዳ፤ በ1980 ደግሞ «የጽጌረዳው ስም» በተባለው ልብ ወለዱ ምልክትን ተከትሎ የሚሳሳት መርማሪ ፈጠረ።

አፈወርቅ እንዲህ ያለ ንድፈ ሐሳብ አልጻፉም። የጻፉት ሰዋስው ነው። ናፖሊ ላይ አማርኛ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛን ሰዋስው፣ በ1911 ስለ አማርኛ ግሥ የሚያትት መጽሐፍ በኢጣልያንኛ አሳተሙ። «ጦቢያ» በሁለቱ መካከል መውጣቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ይህን የልብስ ለውጥ እንደ ተረት ማጣፈጫ ብቻ ማየት ስሕተት ይመስለናል። ልብሱ ይዋሻል፤ ቋንቋውስ? እንዲህ ያለች ሴት በአማርኛ «መጣሁ» ብትል ግሡ ጾታ ስለማይጠይቃት ሐሰት አልተናገረችም። በኢጣልያንኛ ቢሆን ግን «ሶኖ ቬኑቶ» ወይም «ሶኖ ቬኑታ» ብላ መምረጥ ግድ ይሆንባት ነበር። በአማርኛ ሐሰቱ የሚወድቀው ሳያውቁ «አንተ» በሚሏት ሰዎች አፍ ነው፤ «እርስዎ» ካሏትማ ጾታው እንደገና ይሸሸጋል። ከ«መጣ» እና ከ«መጣች» አንዱን ከመምረጥ የማያመልጠው ተራኪው ነው። የግሥ እርባታን ለኢጣልያውያን ያስተማረ ሰው ይህን ልዩነት አላስተዋለም ማለት ያስቸግራል።

ችግሩ ለተርጓሚም ይተርፋል። ምስጢሯ ሲገለጥ «አንተ» የተባለችው «አንቺ» ብትባል፣ እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያለው ቃል «ዩ» ብቻ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ለውጡን በማዕረግ ስም ወይም በሌላ አጠራር ማመልከት ይኖርበታል።