ፊደል ከቆጠሩ በኋላስ?

“የተማረ ይግደለኝ” በሚል ሕዝብ ዘንድ፣ ጎልማሳውና አረጋዊው ከትምህርት የራቁት ፍላጎት አጥተው ነው ማለት ያስቸግራል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ጎልምሶም ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ብርቅ አልነበረም። ትምህርትን የልጅነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ የተጠናከረው፣ በዕድሜና በክፍል ከተደለደለው ዘመናዊ ትምህርት ጋር ነው።

መንግሥታቱም ቢሆኑ ጉዳዩን ፈጽመው አልዘነጉትም። በ1940 ዓ.ም. “ብርሃንህ ዛሬ ነው” የተባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ማስታወቂያ ከ18 እስከ 50 ዓመት ያለ ሁሉ ማንበብና መጻፍ እንዲማር ጠራ። ደርግ በበኩሉ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አወጀ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ያስተማረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ መድረሱን በ1970ዎቹ ማብቂያ ሲናገር፣ የ1986ቱ ቆጠራ ያገኘው ከሩብ በታች ነበር። ሁለቱ አኃዞች በአንድ ሚዛን የተለኩ ባይሆኑም ልዩነቱ በአለካክ ብቻ አይገለጽም። ፊደል የለየ ገበሬ በየዕለቱ የሚያነበው ጋዜጣም ሆነ መጽሐፍ ካላገኘ የተማረውን ይረሳል። የማንበቢያ ክፍሎችና የተከታታይ ትምህርት መጻሕፍት ቢዘጋጁም ህልውናቸው ከዘመቻው ጋር የተቆራኘ ነበር። ጦርነቱና የ1977ቱ ረሃብ አዳከሟቸው፤ ሥርዓቱ በ1983 ሲወድቅም አብዛኞቹ አብረው ተበተኑ።

የጎልማሶች ትምህርት ብሔራዊ ስትራቴጂ ዳግም የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት፣ ስሙን መጻፍ ለምዶ የነበረ ስንቱ አዛውንት በጣት አሻራ ወደ መፈረም ተመልሶ ይሆን?

እንግዲህ ከታሪካችን የምንማረው፣ ዘመቻ ፊደል ማስቆጠር ቢችልም አንባቢን ማቆየት እንደሚሳነው ነው። አንባቢን የሚያቆየው በቀበሌው የማይዘጋ ቤተ መጻሕፍት፣ ደመወዙ የማይቋረጥ የማታ አስተማሪና በቋንቋው የሚታተም ጽሑፍ ነው። እነዚህ ደግሞ ሰልፍና መፈክር አያሻቸውም፤ የሚያሻቸው መንግሥት ሲለወጥ አብሮ የማይሰረዝ በጀት ነው።