ኮዳክ ፈጠረው፣ ሌላው በላው፦ የኦሌድ ስክሪን ታሪክ

ኮላ ድባ መብራት በጠፋ ማታ ጨለማውን የሚገፋው የእጅ ስልክ ነው። ጥቁር ምስል ሲከፈት የአንዳንዱ ስልክ ስክሪን ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ የአንዳንዱ ግን ከጨለማው ጋር አንድ ይሆናል። ይህኛው ኦሌድ ነው፤ ሳምሰንግ «አሞሌድ» የሚለው። ከጀርባው የሚያበራለት መብራት የለም። እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ትበራለች፣ በራሷ ትጠፋለች።

እዚህ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ በ1963 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ፖፕና ባልደረቦቹ አንትራሲን በሚባል የካርቦን ውህድ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፈው ብርሃን አገኙ። ነገር ግን ክሪስታሉ ወፍራም ስለነበር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ጠየቀ። ደግሞም ከአንዱ ጫፍ አሉታዊውን፣ ከሌላው አዎንታዊውን ሙል ተቀብሎ፣ ተሸክሞ፣ አገናኝቶ ማብራት ያለበት ያው አንድ ቁስ ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎቹ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ያደረጉትም ሸክሙን ማካፈል ነው። በ1987 ይፋ ባደረጉት ሥራ አንዱ ሽፋን አዎንታዊውን ሙል ብቻ ያጓጉዛል፤ ሁለተኛው፣ የአሉሚኒየም ውህዱ፣ ኤሌክትሮኑን አጓጉዞ አረንጓዴ ያበራል። ሁለቱ የሚገናኙት በሽፋኖቹ ድንበር አካባቢ ነው። ብረቱ አጠገብ ቢገናኙ ኖሮ ብረቱ ብርሃኑን ያዳፍነው ነበር። ሁለቱ ሽፋኖች ተደርበው ከፀጉር ዘለላ በመቶዎች እጥፍ ይቀጥናሉ፤ ከ10 ቮልት በታችም በቃቸው። የዛሬዎቹ ስክሪኖች ሽፋን ቢጨምሩም መርሁ ያው ነው።

ኮዳክ ግን ፊልም ሻጭ ነበር። የኦሌድ ንግዱን በ2009 ለኮሪያው ኤልጂ ሸጠ፤ በ2012 መጀመሪያ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ዛሬ በዚህ ብርሃን ስማቸው የሚነሳው ሳምሰንግና ኤልጂ ናቸው። መፍጠርና መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። ታንግ ከኦሌዱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው የሁለት ሽፋን ዘዴ የፀሐይ ሴል አሳይቶ ነበር፤ እሱ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ኦሌድ ተቃራኒውን። በዚህ የፀሐይ ሴል ዘርፍ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ የኬሚስትሪው ወንድምአገኝ ማሞን ጨምሮ፣ ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት ሠርተዋል፤ የምርምር ጽሑፎቻቸውም በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታትመዋል።

እውቀቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው ቤተ ሙከራውን ከፋብሪካው የሚያገናኘው ሽፋን ነው፦ ገንዘቡ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ጥበቃው፣ የሚያመርተው ባለሀብት። ሀገር ውስጥ ስልክ ይገጣጠማል፤ ስክሪኑ ግን ተሠርቶ ይመጣል። ኮዳክ እውቀቱ በእጁ እያለ ተበለጠ። ኢትዮጵያም ምሁራኖቿን ብቻቸውን ትታ ከተቀመጠች ዕጣዋ ከዚህ አይሻልም፤ የኮላ ድባም ማታ በተገዛ ብርሃን መድመቁን ይቀጥላል።