ባህላዊም ዘመናዊም ያልተባለው፦ የምናለሽ ተራ ዕቃ በተማሪ ዓይን

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ሥነ ጥበብ ጻፍ ቢባል ቶሎ የሚመጡለት ሁለት ቃላት ናቸው፤ ባህላዊ እና ዘመናዊ። መሶብ፣ ጀበናና ጥለት በአንዱ ሥር ይሰፍራሉ፤ በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል በሌላው። ክፍፍሉ ለፈተና ይመቻል፤ ለማየት ግን አይመችም። «ዘመናዊ» በአማርኛችን የጊዜ ቃል ብቻ አይደለም። «ዘመናዊ ቤት»፣ «ዘመናዊ ዕቃ» ስንል የተሻለና ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ማለታችን ነው። «ባህላዊ» በበኩሉ ያለቀ፣ የተዘጋ፣ በሆቴል መግቢያ የሚደረደር ሆኗል። ታዲያ ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰው እጅ ተበጅቶ ከሰዓት የተሸጠ ዕቃ የት ይግባ? ተማሪዎቻችን የዘመኑን ሥነ ጥበብና ንድፍ በዕለት ኑሯቸው ውስጥ የማያዩት ጠፍቶ አይደለም፤ ስም ስለነፈግነው ነው እላለሁ። ስም የነፈግነውም በቃላት እጥረት አይደለም።

መርካቶ ምናለሽ ተራ እንግባ። በርሜል ተቀዶ ምድጃ፣ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ የሚሆንበት ሠፈር ነው። ሥራው ግን የሚጀምረው ከየደጃችን ነው። ከረጢት ተሸክሞ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል፤ ከብዙ መደጋገም የተነሣ ቃሉ ራሱ እንደ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ቅርጹን ለውጧል።

በረባሶን አንድ ተማሪ እጁ ላይ አገላብጦ ቢያየው ምን ያገኛል? ጎማ ክብ ስለነበረ የተቆረጠው ሶል ጣት ጋ ሲደርስ ትንሽ ቀና ይላል። ሠሪው ይህን ጠማማነት ሊያቃናው አይታገልም፤ እግር ሲራመድ የሚፈልገው እሱኑ ነውና እንዳለ ይተወዋል። መኪናን ከመንሸራተት የጠበቀው የጎማ ጥርስ አሁን ሰውን ይጠብቃል። ማሰሪያውም ከዚያው ጎማ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ነው። የትኛው ወገን ይቆረጥ፣ የትኛው ይቅር የሚለው ውሳኔ በወረቀት ላይ አልተነደፈም፤ ውሳኔ መሆኑ ግን አይካድም። ንድፍ የምንለውም ይኸው ውሳኔ ነው።

በ1920ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በጀርመኑ ባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ጆሴፍ አልበርስ ለተማሪዎቹ ጋዜጣ አድሎ፣ ምንም ሳታባክኑ አንድ ነገር ሥሩበት ይላቸው ነበር። አንድ ተማሪው በኋላ እንደተረከው፣ ግንብ፣ ጀልባና እንስሳ የሠሩትን አላደነቀም፤ ያደነቀው ወረቀቱን በረጅሙ አጥፎ በጠርዙ ያቆመውን ነው። ተኝቶ የሚነበበው ጋዜጣ ቆመ፤ ወረቀትነቱም ታየ። አልበርስ እጥረትን በክፍል ውስጥ በትእዛዝ መፍጠር ነበረበት። ምናለሽ ተራ እጥረቱን ማንም ሳያዘው ያገኘዋል፤ ከበረባሶው ጀርባ ያለው አመክንዮም ከአልበርስ የተለየ አይደለም። የኛ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስለ ባውሃውስ ይማር ይሆናል። ስለ በረባሶ ግን የሚነግረው አስተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኛ ራሳችን በሥዕል ክፍለ ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የአበባ ማስቀመጫ እየገለበጥን ነው ያደግነው፤ ከመካከላችን አበባ ማስቀመጫ ቤቱ የነበረው ስንቱ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ለምን አልተጠየቀም? እዚህ ላይ ከሥነ ጥበብ ወጥተን ወደ ማኅበራዊ ታሪክ መግባት ግድ ይላል። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ የሚሉት የሙያ ስሞች ለብዙ ትውልድ እንደ ስድብ ተነግረዋል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ዐዋጁ አፍን ይከለክል ይሆናል፤ ዓይንን ግን አይደርስበትም። ተማሪው ማረሻውን እያየ ቀጥቃጩን አለማየትን የወረሰው ከቤቱ ነው። ቤተሰብ የሚያፍርበትን እጅ ትምህርት ቤት በድንገት «ንድፍ» ቢለው ልጁ ቀልድ ይመስለዋል።

ከዚህ ዓይነ ስውርነት የወጡ ግን አሉ። አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረውና በ1982 ዓ.ም. የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ሸራና የዘይት ቀለም አልጠበቀም። ክር፣ ቁልፍና የጠርሙስ ቆርኪ ሰፋ፤ ቆይቶም ከመርካቶ የተጣሉ የኮምፒውተርና የስልክ ሽቦዎችን ገዝቶ እየጎነጎነ ትላልቅ ሠሌዳዎችን ሸፈነ። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት የአንድ ሰው የወራት ጣት ነው። ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ አካባቢ ያቋቋሙትና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ጭቃ ቤትን «ገና ያልተሠራ ቤት» አድርጎ የሚያይ ተማሪ እዚያ ግድግዳ ፊት ቢቆም የገዛ ሠፈሩን እንደ አዲስ ማየቱ አይቀርም።

ግን የዞማ ጉብኝት ብቻውን አደጋ አለው። ሽቦው ጥበብ የሆነው ኤልያስ ስለነካው ነው ብሎ ተማሪው ከተመለሰ ነገሩ ከመነሻው አልተነሣም። በተቃራኒው ደግሞ ምናለሽ ተራን እያሞካሸን ድህነትን ልናስጌጥ እንችላለን፤ በረባሶ የሚጫማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጫማው ሌላ መግዣ ስለሌለው ነው። ይህን ክስ የምቀበለው በከፊል ነው። ዕቃው የተወለደው ከችግር መሆኑ የሠሪውን ማስተዋል አያሳንስም። ሰፌድ የምትሰፋ ሴትም እኮ ሥራዋን የጀመረችው እህል ማበጠሪያ ስላስፈለጋት ነው፤ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ የአለላው ቅርጽ እንዳይዛባ በአእምሮዋ የምትይዘው ቁጥር ግን ከችግር የመጣ አይደለም።

ስለዚህ ለክፍል የማቀርበው ልምምድ ወጪ የለውም። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ዕቃ ያምጣ፤ ማንቆርቆሪያ፣ የከሰል ምድጃ፣ የሊስትሮ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ሙዚየም ከሥዕል ሥር እንደሚለጥፈው ያለ ትንሽ ካርድም ይጻፍለት፤ የተሠራበት ነገር፣ መጠኑ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የሠሪው ስም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በማስመሪያና በመዳሰስ ይሞላቸዋል። ዓመቱን እናቱን ጠይቆ ይገምታል። አራተኛው መስመር ላይ እርሳሱ ይቆማል። ምድጃው ከምናለሽ ተራ ከሆነ ስሙን ለማግኘት ተመልሶ መሄድና መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሰውየውም መዶሻውን አስቀምጦ «ለምን ፈለግኸው?» ይለዋል።